ክቡር ክላሪ ሽንኩርት ሲለቅሙ

እንስሳ የማይወድ ሰው የለም። እንስሳ አልወድም የሚል ሰው ግን በየከተማው አንድ ይገኛል፤ ሁለት ከሆኑ ስለሚጣሉ አንድ ብቻ ነው። ይህ ሰው ልብስ የለበሰ ውሻ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ድመት ሐኪም ዘንድ ተወሰደች ሲባል ጋዜጣውን አጥፎ ይነሣል፤ የጎረቤት ልጅ ለሞተች ጥንቸሏ ስታለቅስ "በእኛ ጊዜ ለእራት ትቀርብ ነበር" ይላል። ኪሱን ብትፈትሹት ግን ብስኩት ታገኛላችሁ። ብስኩቱ ደግሞ የሰው አይደለም።

በእኛ የባሕር ዳር ከተማ በፖርት ኔቪን ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አቶ ክላሪ ትሬጌንዛ ናቸው። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንተ ነው የምላቸው፤ በእኛ ከተማ የወረዳው ሊቀ መንበርም ዓሣ አጥማጁም አንተ ነው። በዚህ የጋዜጣ ዓምድ ላይ ግን አንቱ እላቸዋለሁ። አንደኛ፣ ይገባቸዋል፤ ሁለተኛ፣ እንደሚያናድዳቸው አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ አጥር የተጎራበተ ሰው ይህን ያህል መብት አያጣም።

ክቡርነታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የገብስ ጎተራው በር ላይ የመኪና ሚዛን ጠባቂ ነበሩ። በመከር ወራት ከወረዳው ገብስ ጭኖ የሚመጣ መኪና ሁሉ መጀመሪያ በእሳቸው ሚዛን ላይ ይቆማል። ገበሬው ይለማመጣል፣ ይሳደባል፣ ስለ ድርቁና ስለ አማቱ ሕመም ያወራል። እሳቸው መስኮታቸውን ገርበብ አድርገው "ሚዛኑ ይናገር" ይላሉ። ሚዛኑ ይናገራል፣ እሳቸው ይጽፋሉ፣ ነገሩ ያልቃል።

ያላለቀው የቨርን ሃስካርድ ነገር ብቻ ነው። ቨርን ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርስ ገበሬ ነው። አንድ መከር ላይ ጭነቴ አርባ ኪሎ ጎደለብኝ ብሎ መስኮቱን ደበደበ፤ ክቡርነታቸውም "ሚዛኑ ተናግሯል" ብለው መስኮቱን ዘጉበት። ያኔ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ነበሩ፤ ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። ሁለቱ ሰዎች ግን ሣር ላይ ኳስ በምናንከባልልበት የሣር ኳስ ክበባችን ውስጥ ከዚያ ወዲህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ለአርባ ኪሎ ገብስ ሠላሳ ዓመት ኩርፊያ በእኛ አገር የተለመደ ዋጋ ነው።

የክቡርነታቸው ሁለተኛ አባባል "ውሻ ውሻ ነው" የሚለው ነው። ዊልማ፣ የቀድሞዋ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት፣ በበጋ አስፋልቱ እንዳያቃጥለው ብላ ለነጭ ፀጉራም ውሻዋ አራት ጫማ አድርጋለት ስትወጣ፣ በሰው መሀል አስቆሟትና "ዊልማ፣ ባርኔጣውን ረሳሽው" አሏት። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የድመቱን ጥርስ ያስጸዳ ጊዜ ደግሞ ለሁለት ወር ያህል መድኃኒት ሊገዙ በገቡ ቁጥር ድመቱ ፈገግ ይል እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። አንድ የክበባችን አባል የውሻውን ዳሌ ቀዶ ጥገና አስደረገ ሲባልማ ከወንበራቸው ተነሥተው ነው የተናገሩት። "አእምሮውን መታየት ያለበት አለ፤ ውሻው አይደለም" አሉ።

እሳቸውም ውሻ ነበረቻቸው። የበግ ጠባቂ ዘር ናት፤ ዳማ፣ ቀጭን፣ አንድ ጆሮዋ የወደቀ። ስም የላትም ይላሉ። "ያቺ" ነው የሚሏት። "ያቺ ውጭ ነው የምታድረው" ይላሉ። በረንዳው ላይ ያለው ቤቷ ግን በስምንት ዓመት ውስጥ ከሸረሪት በቀር ማንንም ሲያሳድር አላየሁም፤ አጥራችን ደግሞ አጭር ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፣ ገበሬው ለዘር ዝናብ ሲጠባበቅ፣ ክቡርነታቸው የያቺን አንገት ሲያሹ ከመንጋጋዋ ሥር እንቁላል የሚያህል እብጠት ዳሰሱ። የአካባቢያችን የእንስሳት ሐኪም አየና የንፍፊት ካንሰር ነው አለ። ዝም ከተባለ ሁለት ወር አትሞላም፤ ኬሞቴራፒ ከወሰደች ግን አንድ ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ ጨርሶ መዳን የሚባል ነገር የለውም። ሕክምናው የሚሰጠው ትልቁ ከተማ አደላይድ ነው፣ በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ፣ በየሳምንቱ ረቡዕ፣ አራት ወር ሙሉ። ክቡርነታቸው "ያሠቃያታል ወይ?" ብለው ጠየቁ። "ከሰው ይልቅ ይቀላቸዋል" አላቸው። "እንግዲያው ረቡዕ በስንት ሰዓት ልድረስ?" አሉ። ይህን ሁሉ እኔ የሰማሁት ኋላ ነው። ከተማው ግን ምንም አልሰማም።

እዚህ ላይ የከተማችንን ደንብ ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ሰውን ስለ ጤናው መጠየቅ ነውር ነው። ጎረቤትህ አንድ እግሩን ተቆርጦ ከሆስፒታል ቢመለስ "ዛሬ ነፋሱ በረታ" ትለዋለህ እንጂ ምን ሆንክ አትለውም። ከፈለገ ይነግርሃል፤ ካልፈለገም ዝም አይነቅዝም። ስለዚህ ክቡርነታቸው በየረቡዑ ጎሕ ሲቀድ ነዳጅ ሊቀዱ ቆመው "አደላይድ ቀጠሮ አለኝ" ሲሉ፣ ነዳጅ ቀጂው "መንገዱ እርጥብ ነው፣ ቀስ በል" ብሎ ሸኛቸው። ሣር ኳሱን ሲተዉ ማንም ለምን አላለም። ከመድኃኒት ቤት አንድ ካርቶን ጓንት ሲገዙም ባለቤቱ ጠቅልሎ ሰጣቸውና ስለ ድመቱ እንኳ አላነሣም።

ከዚያ ዶት መጣች። ዶት የፖስታ ቤታችን ኃላፊ ናት፤ የታሸገ ደብዳቤ ከፍታ አታውቅም፣ ያልታሸገ ነገር ግን አያመልጣትም። የክቡርነታቸውን ፒክአፕ መስኮት ተጠግታ ስታልፍ ወንበሩ ላይ አንድ ወረቀት አየች። ከላይ "የኬሞቴራፒ ቀጠሮ፣ ትሬጌንዛ" ይላል፤ የቀረው በባርኔጣቸው ተሸፍኗል። "እኔ ለማንበብ አልፈለግኩም፤ ዓይኔ ነው ያረፈበት" አለችኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና እስከ ምሳ ድረስ ከተማው በሙሉ ክላሪ ትሬጌንዛ ሊሞት ነው ብሎ አዝኖ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መሞታቸውን ያልሰሙት ባለጉዳዩ ብቻ ነበሩ።

በእኛ አገር ለታመመ ሰው ወጥ ነው የሚላክለት፤ ቃል አይላክም። ሥጋውን ክዳን ባለው የመስታወት ድስት ውስጥ አድርገህ ምድጃ ውስጥ ታበስለዋለህ፣ ድስቱ እንዳይጠፋ ሥሩ ላይ ስምህን በፕላስተር ትለጥፋለህ፣ ከደጁ አስቀምጠህ በሩን ታንኳኳና ሳይከፈት ትሮጣለህ። በመጀመሪያው ሳምንት ዘጠኝ ድስት ተቆጠረ። አንደኛው የእኔ ነበር፤ ለአንድ ኪሎ የበግ ሥጋ አንድ ኪሎ ሽንኩርት የሚገባበት፣ በእርሻ ትርኢቱ ላይ ሁለት ጊዜ ሁለተኛ የወጣው። ዊልማም አንድ አመጣች። ቨርን ሃስካርድ ወጥ አይሠራም፤ በሐሙስ ቀን ሣር ማጨጃውን በመኪና ጭኖ መጣና የክቡርነታቸውን ደጅ ሳይናገር አጭዶ፣ ሳይናገር ሄደ።

"ይህ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?" አሉኝ ክቡርነታቸው በአጥሩ በኩል።

ዓይኔ እንባ አቅርሮ "ሰው ሰው ነው፣ ክላሪ" አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝና ወደ ቤታቸው ገቡ።

በሦስተኛው ሳምንት ፍርፋሪ ልደፋ ወደ ጓሮ ወጣሁ። በአጥሩ ወዲያ፣ የክቡርነታቸው የቆሻሻ ክምር ላይ፣ ሽንኩርት አየሁ። ጥሬ አይደለም፤ የበሰለ፣ ከወጥ ውስጥ አንድ በአንድ የተለቀመ፣ የዘጠኝ ቤት ሽንኩርት ነው። የእኔም ነበረበት። ወፍራም ቀለበት አድርጌ ስለምከትፈው የትም ባየው አውቀዋለሁ። የሚሞት ሰው ሽንኩርት ላያምረው ይችላል፤ ቁጭ ብሎ መልቀም ግን ስድብ ነው። ሐዘኔን ለጊዜው አስቀምጬ በጓሮ በር ገባሁ።

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ማዕድ ቤት ተቀምጠዋል። ከፊታቸው የእኔ ድስት፣ በስተቀኝ የሽንኩርት ሳህን፣ በስተግራ የሥጋ ሳህን፤ የሥጋው ሳህን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ነው። በእጃቸው ሹካ ይዘዋል። ውጭ የምታድረው ያቺ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር ባለው ትልቁ ወንበር ላይ፣ በእጅ የተሠራ የሱፍ ብርድ ልብስ ለብሳ ተጋድማለች። የፊት እግሯ ተላጭቶ በፋሻ ታስሯል።

"ምን እያደረግህ ነው?" አልኩ።

"ሽንኩርት እየለቀምኩ።"

"እሱንማ አየሁ። ለምን?"

"ለውሻ መርዝ ነው። ይህን ሁሉስ ለሰው ቢሆን ማን አዘዘሽ?"

ፋሻውን አየሁ፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የጓንት ካርቶንም አየሁ። "ኬሞውን የምትወስደው እሷ ናት?"

"ታዲያ ማን መሰለሽ? በሐኪሞቹ ትእዛዝ እዳሪዋን በጓንት ነው የማነሣው። ክኒኑ ደግሞ ረሃብ ለቆባታል፤ የሚመጣው ወጥ ሁሉ አልበቃ አላት። ጥሩ ጎረቤት ነው ያለን፣ አልዋሽም።"

"ክላሪ፣ ጎረቤቱ የሚያበስለው ለአንተ ነው። ካንሰር የያዘው አንተን መስሎት ከተማው በሙሉ እያለቀሰልህ ነው።"

ሹካቸውን አስቀመጡ። "ለዚህ ነው ቨርን ሣሬን ያጨደው?" አሉ።

"ለዚህ ነው።"

"እኔ ደግሞ አብዶ ነው ብዬ።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ነገሩ እውነት ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ዛሬውኑ ወጥተህ ተናገር አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዊልማ ከሰማች ያንን ባለጫማ ውሻዋን ይዛ በደጄ ስትመላለስ ትውላለች። ተዪኝ ኔሪዳ። ያቺ ስትድን እኔም እድናለሁ። ሐኪሞቹ ተገርመዋል እላለሁ፤ ሰውም ተአምር ነው ይላል፤ ማን ይጎዳል?" ይህን የሚሉኝ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለአንድ ኪሎ አልዋሸሁም እያሉ የሚምሉት ሰውዬ ናቸው። ያቺ ከወንበሩ ላይ ሆና ሥጋውን ታያለች፤ ጭራዋን አንድ ጊዜ ብርድ ልብሱ ላይ መታች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማክሰኞው ሽንኩርት የሌለው ወጥ መሥራት ጀመርኩ። ሽንኩርት የሌለው የእኔ ወጥ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።

ሐምሌ ላይ ፒክአፓቸው ተበላሽቶ አደላይድ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ክቡርነታቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲሳለቁበት በኖሩት ዓይነት ሰው ተሞልቷል። ሹራብ የለበሰ ውሻ አለ፤ ባለ መጋረጃ ቅርጫት ውስጥ የተኛ ድመት አለ። እሳቸው ያቺን ከነብርድ ልብሷ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። "ውሻ ውሻ ነው፣ እመቤቴ" አሉ አጠገባቸው ላለችው ባለሹራቡ ሴትዮ። ሴትዮዋ መዳፋቸው ላይ አራት ቦታ የተቆረሰውን ብስኩት አየችና "ልክ ነዎት" አለቻቸው።

ነርሷ በሩን ከፍታ "ሮዛሊንድ ትሬጌንዛ" ብላ ጠራች። ማን እንደሚነሣ ለማየት ዞር ዞር አልኩ። ክቡርነታቸው ጆሯቸው ቀልቶ ተነሡ።

"ሮዛሊንድ?" አልኳቸው።

"ቅጹ ላይ ስም ሙላ አሉኝ።"

"አንተም ፈጥረህ ሞላህ?"

"አልፈጠርኩም" አሉ ወደ እኔ ሳይዞሩ። "ስምንት ዓመቷ እኮ ነው። ስም አላት።"

ውስጥ ግን ቀልድ አልነበረም። መድኃኒቱ የሚለካው በክብደት ነው፤ ሮዛሊንድ ደግሞ ክኒኑ ሲቀነስላት መብላት ትታ በየሳምንቱ እየከሳች ነበር። ሐኪሟ ከአሥራ ሰባት ኪሎ ከወረደች አቅሟ ስለማይችለው ሕክምናውን እናቋርጣለን ብላቸዋለች። ነርሷ ሚዛኑ ላይ አቆመቻት። አሥራ ስድስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ አለ።

"አዝናለሁ፣ አቶ ክላሪ" አለች ነርሷ።

ክቡርነታቸው እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተቱና ከጎተራው ጡረታ ሲወጡ ይዘውት የመጡትን የነሐስ የሚዛን ድንጋይ፣ ልክ ሁለት ኪሎ የሚመዝነውን፣ አወጡ። ብስኩት ብቻ መስሎኝ ነበር ኪሳቸውን ያከበደው። ሮዛሊንድን አውርደው ድንጋዩን ሚዛኑ ላይ አኖሩት። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ አለ። አነሡና ደገሙት፤ ያንኑ አለ።

"ሚዛንሽ ሁለት መቶ ግራም ይሰርቃል፣ ልጄ" አሉ። "አሥራ ሰባት ኪሎ ከመቶ ግራም ናት።"

የክሊኒኩ ሰዎች ሌላ ሚዛን ከላይኛው ፎቅ አወረዱ፤ አሥራ ሰባት ኪሎ ከመቶ ግራም አለ። ሮዛሊንድ የዚያን ቀን መድኃኒቷን ወሰደች። ነርሷም ክቡርነታቸውን በር ድረስ ሸኘቻቸው።

ስንመለስ ገብሱ በሁለቱም በኩል አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ "ሁለት መቶ ግራም" አሉ። "የቨርንን አስታወሰኝ።"

"የአርባ ኪሎውን? እሱማ ሚዛኑ ተናግሮ ያለቀ ነገር ነው።"

"በማግስቱ ፈተሽኩት።" የሮዛሊንድን የወደቀ ጆሮ በሁለት ጣታቸው ይዘው ነበር። "ከሥሩ ድንጋይ ገብቶበት ነበር። አርባ ኪሎ ያጎድላል። ድንጋዩን አወጣሁና ዝም አልኩ። በዚያ አፉ ሰድቦኝ ይቅርታ ልጠይቀው? ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል ሠላሳ ዓመት ሆነኝ።"

"ነፋሱ በረታ" አልኩ።

ነሐሴ ላይ ሕክምናው አለቀ። እብጠቱ ጠፋ፤ ሮዛሊንድ መብላት ጀመረች፣ ክብደቷም ተመለሰ። ሐኪሞቹ በሽታው ተኝቷል እንጂ አልሄደም አሉ፤ ክቡርነታቸው ግን ከተኛ ይበቃናል ብለው የመዳናቸውን ንግግር በወረቀት አዘጋጁ። ክበቡ በዚያው ሰሞን ባሕሩ ዳር አንድ አግዳሚ ወንበር በስማቸው ለማቆም ወስኖ ነበር፤ ሰው በሕይወት ሳለ ይየው ተብሎ። ወንበሩን የሠራው ቨርን ሃስካርድ ነው። የድሮው የመኪና ሚዛን ሲፈርስ የገዛውን ሳንቃ ለሃያ ዓመት በራሱ ጎተራ ውስጥ አስቀምጦት ኖሯል።

እሑድ ጠዋት ስድሳ ሰው ያህል ተሰበሰበ። የክበቡ ሊቀ መንበር ቋሊማ ይጠብሳል፤ በዳቦ ላይ ከሽንኩርት ጋር ለሁሉም ይታደላል። ነፋሱ ብርቱ ስለነበር ሮዛሊንድ የክቡርነታቸውን አሮጌ ካፖርት ለብሳ በእግራቸው ሥር ቆማለች። ወንበሩን የሸፈነው ጨርቅ ተገለጠ። መደገፊያው ላይ ባለው ሰሌዳ ቨርን በገዛ እጁ እንዲህ ብሎ ቀርጿል፤ "ክላሪ ትሬጌንዛ። በትክክል የመዘነ ሰው።"

ክቡርነታቸው አነበቡት። እንደገና አነበቡት። ንግግሩን ከኪሳቸው አውጥተው አዩትና መልሰው ከተቱት። በዚያች ቅጽበት ፈራሁላቸው፤ ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

"አልታመምኩም" አሉ። "ታማ የነበረችው ሮዛሊንድ ናት።"

"ሮዛሊንድ የምትባል ሴት ነበረችው እንዴ?" አለች ዶት ቀስ ብላ። በከተማችን ታሪክ ስለ ታመመ ሰው በአደባባይ የቀረበ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው።

"ውሻዬ" አሉ ክቡርነታቸው። "ካንሰር ይዟት ነበር፤ ረቡዕ ረቡዕ ኬሞ አስወጋት ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ወጣችሁን የበላችው እሷ ናት። ሽንኩርቱ ሲቀር።" ቋሊማው ይጨሳል፣ የሚያገላብጠው የለም። "ሁለተኛ። ቨርን፣ የዚያን ጊዜ ሚዛኑ አርባ ኪሎ ያጎድል ነበር። በማግስቱ አውቄያለሁ። አንተ ነህ ልክ፤ ሰሌዳህን ንቀለው።"

ሁሉም ወደ ቨርን ዞረ። ቨርን ዳቦውን ያኝካል። አኝኮ ሲጨርስ አፉን ጠረገ።

"የአርባ ኪሎውንማ ያኔም አውቃለሁ" አለ። "የማላውቀው የእሷን ነው። ስንት ትመዝናለች?"

"አሥራ ስምንት ኪሎ ከአራት መቶ።"

"በማን ሚዛን?"

"በክሊኒኩ።"

"አምነኸው ነው?"

"ፈትሼዋለሁ" አሉ ክቡርነታቸው።

ቨርን ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና ቋሊማውን ሊያገላብጥ ሄደ። ያን ጊዜ ዊልማ ከነባለጫማው ውሻዋ ወደ ፊት መጣች። ካፖርት የለበሰችውን ሮዛሊንድን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አየቻት። ይህን ቀን ስንት ዓመት ስትጠብቅ እንደኖረች እግዜር ይወቅ። "ክላሪ" አለች፣ "ባርኔጣዋን ረሳኸው።"

ሰሌዳው አልተነቀለም። ቨርን በማግስቱ መጥቶ ከሥሩ "ከአርባ ኪሎ በስተቀር" የሚል ጨመረበት። ይህን ካደረገ በኋላ መጋዙን አውጥቶ የወንበሩን አራቱንም እግር አንድ ስንዝር ቆረጠ፤ ሮዛሊንድ ለመውጣት ትቸገር ነበርና። ዛሬ ያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ጎልማሳ ሁሉ ጉልበቱ አገጩ ድረስ ይመጣል፤ ለምን አጠረ ብሎ የጠየቀ የለም። ወጡም አልቆመም። ድስቶቹ ሥር ከስማችን በታች "ሽንኩርት የሌለው" የሚል ፕላስተር ተጨመረ እንጂ።

ሐኪሞቹ አንድ ዓመት ብለው ነበር፤ ሮዛሊንድ አሥራ አራት ወር ኖረች። በዚህ ዓመት ሰኔ እብጠቱ ተመለሰ። "ሚዛኑ ተናግሯል" አሉኝ ክቡርነታቸው በአጥሩ በኩል። የአካባቢያችን ሐኪም በማክሰኞ ቀን ቤታቸው መጥቶ በዚያው ባለብርድ ልብስ ወንበር ላይ በመርፌ አሳረፋት። ጉድጓዱን ቨርንና እሳቸው ቆፈሩ።

እኔ ደግሞ ማክሰኞ ስለሆነ ወጥ ሠርቼ ነበር፤ እጅ የለመደውን ይሠራል። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ይዤው ገባሁ። ክቡርነታቸው አንድ ሁለት ጉርሻ ያህል ቀመሱና ሹካቸውን አኖሩ።

"ሽንኩርት የለውም" አሉ።

"የለውም።"

"ሽንኩርት የሌለው ወጥ ምን ወጥ ይባላል?"

አሥራ አራት ወር ሙሉ የወጥ ስሜን ያጠፋሁላቸው ሰውዬ ይህን ሲሉኝ ድስቱን ራሳቸው ላይ ልደፋው ቃጣኝ። ትቼው ቤቴ ሄድኩና የሽንኩርት ከረጢቴን ይዤ ተመለስኩ። ቢላውን ከእጄ ወሰዱ። ለዚያ ድስት ሁለት ራስ ይበቃ ነበር፤ ክቡርነታቸው አሥራ አንድ ላጡ። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፤ በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ አላቋረጡም። ባዶው ወንበር ከጀርባቸው ነበር።

"ሽንኩርትሽ ኃይለኛ ነው" አሉኝ።

"ኃይለኛ ነው" አልኳቸው። ሌላ ቢላ ፈልጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩና አሥራ ሁለተኛውን መላጥ ጀመርኩ።